ፎቶው ውስጥ ያልገባው ወንዝ፦ ጉብኝትና ፖለቲካ በታችኛው ኦሞ

ስለ ሙርሲ ሴት ከንፈር መንግሥት ለዓመታት ሁለት ነገር ሲናገር ኖሯል። በቱሪዝም ፖስተርና ብሮሹር ላይ ከንፈሯ በሸክላ የተወጠረው ሴት የደቡብ ኦሞ መታወቂያ ናት። ባሕር ተሻግሮ፣ ከአዲስ አበባም ሁለት ሦስት ቀን በመኪና ተንገላቶ የሚደርሰው እንግዳ የሚመጣው እሷን ብሎ ነው። በሴቶች ጉዳይና በጤና ስብሰባዎች ላይ ደግሞ ያው ሸክላ ከ«ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» ተርታ ይመደባል፤ ልጃገረዶች ከንፈራቸውን እንዳይበሱ ይመከራሉ፣ ሲብስም ይገሠጻሉ። ሁለቱን መልእክት የሚያስተላልፈው አንድ አስተዳደር ነው፤ ሁለቱን የምትሰማውም አንዲት ሴት ናት።

ይህን የቢሮ ዝርክርክነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን አካባቢው ለጎብኚ የተከፈተበት መንገድ ራሱ ያመጣው ነው እላለሁ። ታችኛው ኦሞ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተከፈተው ለዓይን ነው። ሙርሲው፣ ሐመሩ፣ ካሮው፣ ዳሰነቹ በካሜራ ፊትም በበዓል መድረክም እንዲታይ ተጋብዟል፤ ስለ መሬቱና ስለ ወንዙ ሲወሰን ግን ሐሳቡን የጠየቀው አልነበረም። ከዚህም በላይ፣ ደጋግሞ መታየቱ አለመጠየቁን ሸፍኖለታል። ቀጥሎ ያለው ዳሰሳ ይህን ከተጓዦች፣ ከተመራማሪዎች፣ ከልብ ወለድና ከልማት ዕቅድ አንጻር ለማሳየት ይሞክራል።

ተጓዡና መንግሥት ወደዚህ ምድር የገቡት በአንድ መንገድ፣ እንዲያውም አብረው ነው። የኦስትሮ ሀንጋሪው ባላባት ሳሙኤል ቴሌኪ እ.ኤ.አ. በ1888 የቱርካና ሐይቅ ደርሶ በአልጋ ወራሹ ስም ሩዶልፍ ብሎ ሰየመው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ ወደዚያው ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1898 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከከፋ ተነሥቶ እስከ ሐይቁ ሲዘልቅ ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች አብሮ ነበር፤ ዘመቻውን በመጽሐፍ ያስቀረውም እሱ ነው። የሚያስገብረውና የሚጽፈው በአንድ ሰፈር አድረዋል። የሚገብረው ሰው ቃል ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ከብቱ፣ ዝሆኑና ቁመናው ግን በዝርዝር አለ።

ዘመናዊው ቱሪዝም ሲመጣም ታችኛው ኦሞ ቶሎ አልታሰበም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የቱሪዝም ድርጅቱን አቋቁመው «የ13 ወር ጸጋ»ን ለዓለም ሲያስተዋውቁ የጎብኚው መስመር ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም ነበር። ታሪክ ለሰሜን ተሰጠ፤ ለደቡብ የተረፈው ተፈጥሮ ነው። የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋምና በኋላም የማጎ ፓርክ ሲከተል፣ አካባቢው በካርታ ላይ የአውሬ መኖሪያ ሆኖ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1967 ኪቢሽ አጠገብ የጥንት ሰው ቅሪተ አካል ተገኘ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የታችኛውን ኦሞ ሸለቆ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በእንዲህ ያለው ግኝት የተነሣ ነው። እንግዲህ በዓለም ፊት የቆመው ስሙ ከአጥንትና ከአውሬ ጋር የተያያዘ ነው። በመሬቱ ላይ ከብት የሚያግደውና ማሽላ የሚዘራው ሕዝብ በሁለቱም ምዝገባ ዋና ጉዳይ አልነበረም።

በደርግ ዘመን ለውጭ ሰው እንደ ልብ መዘዋወር ክልክል ስለነበር ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ አስጎብኚውም መንግሥት ብቻ ነበር። ወደ ጂንካ በአየር የሚመጣ ሰው ከከተማዋ መሐል በነበረው የሣር ሜዳ ላይ ያርፍ ነበር፤ አውሮፕላን በማይኖርበት ጊዜ ከብትና ኳስ ተጫዋች ልጆች ይውሉበት ነበር። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ግን የግል አስጎብኚ ድርጅቶች ፈቃድ አወጡ፣ ላንድክሩዘር በዛ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ወደ ቀይ አፈር፣ ወደ ጂንካና ወደ ቱርሚ የሚዘልቅ «የደቡብ መስመር» የሚባል ጉዞ ተፈጠረ። ጉዞው በገበያ ቀን ይሰላል፦ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። ገበያተኛው ማርና ቅቤ ይዞ የሚመጣበት ቀን ለጎብኚው ሕዝቡን ተሰብስቦ የሚያገኝበት ቀን ሆነ።

የሙርሲ ጉብኝት ከዚህ ሁሉ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። መኪናው ገና ጎህ ሲቀድ ከጂንካ ይነሣል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ለፎቶ አይመችም። ሾፌሩ በዋዜማው ዝርዝር ብር አዘጋጅቷል፤ አዲስና ያልተጨማደደ ቢሆን ይመረጣል። ማጎ ፓርክ በር ላይ ይከፈላል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይጫናል፣ መንደሩ ሲደረስ ደግሞ የመንደር መግቢያ ይከፈላል። ሴቶቹ ሸክላውን ከንፈራቸው ውስጥ የሚያስገቡት መኪናው ሲቆም ነው። አንዷ ቅርጫት በራሷ ላይ ደፍታ ትወጣለች፤ ሌላዋ ከፊቷ ግራና ቀኝ የከብት ቀንድና የከርከሮ ጥርስ አንጠልጥላለች፤ ሕፃናቱ በነጭ ጭቃ ተቀብተዋል። የእንግዳው እጅ ይያዛል፣ «ፎቶ! ፎቶ!» ይባላል። ሒሳቡ በምስል ቁጥር ነውና ካሜራው ስንት ጊዜ እንደጮኸ የሴትየዋ ጆሮ ይቆጥራል። እንግዳው አንድ ነው ያነሣሁት ይላል፤ እሷ ሦስት ሰምታለች። አስጎብኚው መሐል ገብቶ ያስማማል። ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ መኪናው ይዞራል፣ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ የሚፈልጉ ልጆችም «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይከተሉታል።

በሙርሲ ዘንድ ሸክላው ጊዜና ቦታ አለው። ልጃገረዷ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የታች ከንፈሯ ይበሳል፤ ቀዳዳው በእንጨት እየተወጠረ ወራት ይፈጃል። ሸክላውን የምታደርገው ያላገባች ወይም አዲስ ያገባች ሴት ናት፤ ለወንዶች ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ በሠርግና በዱላ ፍልሚያ በዓል ቀን። ባሏ ሲሞት ታወልቀዋለች። ለጎብኚው የምትለብሰው ግን ከእነዚህ በአንዱም አይደለም፤ ወተት የለም፣ ሠርግ የለም፣ የሚስተናገድ ባል የለም። ቅርጫቱን በራስ ላይ መድፋትም የሙርሲ ወግ ሆኖ ሳይሆን እንግዳው እንግዳ ነገር እንደሚወድ ስለታወቀ የተጨመረ ነው። ስለዚህ ጎብኚው «ዘመን ያልነካው ባህል» ብሎ ፎቶ የሚያነሣው ከሠላሳ ዓመት ያልበለጠ፣ ከእሱ ጋር በሚደረግ ንግድ ውስጥ የተወለደ አለባበስ ነው። ይህን የሚነግረው ሰው የለም፤ በሰዓት ውስጥ የሚጠየቅም ጥያቄ አይደለም።

ስለዚህ ገጠመኝ የተጻፉ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ በአማርኛ አለመነበባቸው ያሳዝነኛል። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሙርሲ ዘንድ እየተመላለሰ ያጠና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ከንፈር ሸክላና ስለ ፎቶ አንሺዎች ባሳተመው መጣጥፍ ሙርሲዎች ገንዘቡን እየፈለጉትም ግንኙነቱ ክብራቸውን እንደሚነካ፣ ይህ ሁሉ ፎቶ ለምን እንደሚፈለግም አጥብቀው እንደሚጠይቁ ያሳያል። ሆላንዳዊው ዮን አቢንክ በምዕራብ በኩል ያሉትን ሱሪዎች ይዞ፣ ጎብኚ ላይ የሚታየው ቁጣና ማስፈራራት ያለ ምክንያት የመጣ ጠባይ ሳይሆን መልስ መሆኑን ያስረዳል። ሀንጋሪያዊው ታማሽ ሬጊ ደግሞ ትኩረቱን ወደ ነዋሪው ብልሃት ያዞራል፤ ደካማ የተባለው ወገን ገጠመኙን እንዴት እንደሚመራው ያያል። ከሁሉ ይልቅ ወደ ሴቶቹ የቀረበችው ካናዳዊቷ ሾና ላቶስኪ ናት። ሸክላው ለሙርሲ ሴት የኩራት ምንጭ እንደሆነ፣ በከተማና በመንግሥት ፊት ግን ያው ሸክላ ማፈሪያ እንደተደረገባት ትጽፋለች። አንዲት ልጅ ከንፈሯን ለመበሳት ወይም ላለመበሳት ስትወስን ሁለቱም ድምፅ ከጆሮዋ አይጠፋም።

እነዚህ ጸሐፊዎች የሚለያዩት ሴትየዋ ተጎጂ ናት ወይስ ነጋዴ በሚለው ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ነጋዴ ናት፤ ዋጋዋን ታስከብራለች፣ ትከራከራለች፣ ትርፏንም ታውቃለች። ግን የምትሸጠውን ዕቃ የመረጠችው እሷ አይደለችም። ተረት ብታወራ፣ የከብት ዘፈን ብትዘፍን፣ ስለ ማሽላ ዝርያ ወይም ስለ ልጅ አስተዳደግ ብታስረዳ የሚገዛት የለም። ገበያው የሚፈልገው ከንፈሯን ብቻ ነው። ገንዘቡን ቢያበዙላት ይህ አይለወጥም፤ የጉብኝቱ ድርጅት ራሱ ካልተለወጠ በቀር። ብዙ ውይይት ግን የሚያቆመው «ክፍያው ፍትሐዊ ይሁን» ከሚለው ላይ ነው።

ሌላው የፎቶ ተወዳጅ ክላሽ የያዘ ወንድ ነው። በምስሉ ላይ ጥንታዊነትና ዘመናዊ መሣሪያ ተገናኝተው ስለሚታዩ ፎቶ አንሺዎች ይወዱታል። ክላሹ ወደዚያ ትከሻ እንዴት እንደወጣ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ የሱዳን ጦርነትና የኡጋንዳ ትርምስ አውቶማቲክ መሣሪያ ወደ ድንበሩ አወረደ፤ መጀመሪያ የደረሰው ለኛንጋቶም ሕዝብ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ኛንጋቶሞች በአዲሱ መሣሪያ ሙርሲን ባጠቁ ጊዜ በአንድ ዘመቻ በመቶ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ክላሽ የሌለው ሙርሲ ከብቱንም ልጁንም ማትረፍ አይችልም ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በቦዲና በሙርሲ አካባቢ መሣሪያ የማስፈታት ዘመቻ ሲካሄድ ነዋሪዎች ላይ ስለደረሰው ድብደባና እንግልት ብዙ ተወርቷል። ሰውየው ክላሹን የያዘው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ መስመር ከፎቶው ሥር የሚጻፍበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

እስካሁን ያነሣሁት ስለ ፈረንጅ ነው። እሱን መውቀስ ይቀላል፤ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የእኛው ዓይን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለብሔር ብሔረሰቦች ዕውቅና ሲሰጥ፣ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሙርሲና ሐመር በመንግሥት ሰነድ ላይ በስማቸው ቆሙ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በቋንቋቸው መማር፣ በራሳቸው ሰው መዳኘት የሚል ተስፋ ነበረበት። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሆኖ ሲከበር ግን ዕውቅናው በዓይን የሚታይ መልክ ያዘ፦ ስታዲየም፣ ጭፈራ፣ ቆዳ፣ ላባ፣ ጨሌ። ሙርሲዋ ከንፈሯን ይዛ፣ ሐመሯ ፀጉሯን በቀይ አፈርና በቅቤ ሸርባ በክብር እንግዶች ፊት ታልፋለች። ንግግሩን የሚያደርጉት ሌሎች ናቸው። በካሜራው ፊት የለበሰችውን ልብስ ለመድረኩም ትለብሰዋለች፤ ሁለቱም እንድትናገር አያስፈልጋቸውም።

በሙዚቃ ክሊፕም እንዲሁ ነው። የሐመር የፍየል ቆዳ ቀሚስ ለአማርኛ ዘፈን ተወዛዋዥ የመድረክ ልብስ ከሆነ ሰነባብቷል፤ ሐመርኛ የሚዘፈንበት ክሊፕ ግን እምብዛም አይታይም።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው የፍቅረ ማርቆስ ደስታ ሥራ ነው። «ከቡስካ በስተጀርባ» እና ተከታዩ «ኢቫንጋዲ» የሐመርን ሕዝብ ወደ አማርኛ ልብ ወለድ መሐል ያስገቡ መጻሕፍት ናቸው። የቡስካ ተራራ፣ የከብት ዝላዩ፣ የሌሊቱ ጭፈራ ለአዲስ አበባ አንባቢ የሰው ፍቅርና የሰው ጠብ የሚኖርባቸው ቦታዎች ሆኑ። እነዚህን መጻሕፍት ያነበበ ሰው ሐመርን በፖስተር ብቻ ከሚያውቀው ሰው እጅግ ይሻላል፤ የእኔ ትውልድ አንባቢዎች ከእነሱ ያገኘነው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ ከአውሮፓ የመጣ ተመራማሪ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሐመር የሚደነቀው ባዕዱ ስላደነቀው፣ የሚመረመረውም ባዕዱ ሊሆነው ስለሚመኝ ነው። የከተማው አንባቢ ወደ ሐመር መንደር የሚገባው በዚህ ሰው ትከሻ በኩል እያየ ነው። በዚያው ዘመን በሐመር ምድር ጀርመናዊው ኢቮ ሽትሬከርና እንግሊዛዊቷ ጂን ሊዳል ረዥም ዓመታት ኖረዋል፤ ሊዳል በተሳተፈችባቸው ፊልሞች ውስጥ የሐመር ሴቶች ስለ ባል፣ ስለ ምራትና ስለ ቅናት በራሳቸው አንደበት ረዘም አድርገው ያወራሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልብ ወለዱ ምን እንደጎደለው ያያል፦ ሐመሯ ማንም ሳያስተዋውቃት የምትናገርበት ገጽ።

ከታየው ሁሉ ያልታየው ወንዙ ነው። ኦሞ በክረምት ይሞላ ነበር፤ ከደጋው የሚወርደው ውኃ በዳርቻው ላይ ጥቁር ደለል አስተኝቶ ይመለስ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ካሮ፣ ክዌጉ፣ ሙርሲ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች በእርጥቡ አፈር ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘሩ ነበር። ዝናብ በማይታመንበት ቆላ የማይከዳው እህል ይህ ነበር። ሙርሲ በዚህ ላይ የዝናብ እርሻ አለው፣ ከብትም አለው፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻውን አያኖረውም፣ ሦስቱ ተደጋግፈው ግን ያኖሩት ነበር። ለክዌጉ ደግሞ ዳርቻው ማለት ኑሮው ማለት ነበር፤ ከብት የለውምና።

በጥር 2003 ዓ.ም. የአርብቶ አደሮች ቀን በጂንካ ሲከበር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በበዓሉ ላይ ተገኝተው ለአካባቢው የታቀደውን ሰፊ የመስኖና የስኳር ልማት ይፋ አደረጉ። ቦታውን ልብ እንበል። ሕዝቡ በባህል ልብሱ ተሰብስቦ በሚጨፍርበት በዓል ላይ፣ የመሬቱ ዕጣ ተነገረው። ግቤ 3 ያኔ በግንባታ ላይ ነበር፤ 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ ሲሞላ የክረምቱ ሙላት ቆመ። ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል የሚል ቃል ነበር፤ በተግባር ነዋሪው የተነገረው ወደ መንደር ተሰብስቦ በመስኖ እንዲያርስና ከብቱን እንዲቀንስ ነው። የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት መጀመሪያ በታሰበው ስፋት ባይሄድም በቦዲ ምድር ላይ ሸንኮራው ተተከለ፣ ቦዩ ተቆፈረ፣ ከሌላ አካባቢ ሠራተኛ መጣ።

ለመንግሥት ክርክር ጆሮ መንፈግ አልፈልግም። አገሪቱ መብራት ያስፈልጋታል፤ ታችኛው ኦሞም በየጊዜው ረሃብ የሚደርስበት፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት የጠበበበት ምድር ነው። «ለጎብኚ ደስ እንዲል ሕዝቡ ባለበት ይቅር» የሚል ሰው ቢኖር እኔ ከዚያ ሰው ጋር አልቆምም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ውኃው ሲቋረጥ ማሽላውን የሚያጣው ሰው አስቀድሞ ተጠይቆ ነበር ወይ? ካልተጠየቀስ አለመጠየቁ ለምን ያን ያህል ቀላል ሆነ?

እዚህ ላይ ነው ፖስተሩና ዕቅዱ የሚገናኙት። ፖስተሩ «ዘመን ያልነካው ሕዝብ» ይላል፤ ዕቅዱ «ኋላ የቀረ ሕዝብ» ይላል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ ይህ ሕዝብ ታሪክ የለውም፣ ዕውቀት የለውም፣ ትናንት እንደነበረ ነው። እንደዚያ ተደርጎ የተሣለ ሰው ስለ ደለል፣ ስለ ሙላት፣ ስለ ዘር ምርጫ ብዙ የሚያውቅ ገበሬ ሆኖ ሊታይ አይችልም። ሕይወቱን ሙሉ ወንዙ ዳር የኖረው ሽማግሌ የወንዙ ባለሙያ መሆኑ አይታሰብም፤ አንዱ ለፎቶ ይፈልገዋል፣ ሌላው ለመለወጥ ይፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሂዩማን ራይትስ ዎች በአካባቢው ስላለው መፈናቀል ሪፖርት ሲያወጣ ነገሩ የውጭ ድርጅትና የመንግሥት ክርክር ሆነ፤ የዳርቻው ሰው በዚያም ላይ የሚከራከሩበት እንጂ የሚከራከር አልነበረም። በእነዚያው ዓመታት ጎብኚው ያለማቋረጥ ይመጣ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ ወጥቷል፤ በአብዛኛው ላይ ግድቡም ሸንኮራውም አይታይም፣ ምክንያቱም ፎቶ አንሺው የመጣው ለውጥ የሌለበትን ለማየት ነውና ለውጡ ወደ ካሜራው ሲገባ ዞር ይላል።

ወንዙ ግን ዝም አላለም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የቱርካና ሐይቅ ከፍ እያለ፣ ኦሞም በታች በኩል እየሞላ የዳሰነችን መንደሮች ደጋግሞ ውጧል፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምትም በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። ሙላት በሚፈለግበት ቦታ ቀርቶ፣ በማይፈለግበት ቦታ መጥቶ አፈናቀለ። ኦሞራቴ ወንዙን በታንኳ ተሻግሮ የዳሰነች መንደር የሚጎበኝበት ቦታ ነው፤ ያ መንደር ዛሬ የት እንዳለ የሚጠይቅ ጎብኚ ቢኖር ስለዚህ ምድር ከፖስተሩ የበለጠ ይማር ነበር።

ካሜራ ራሱ በተፈጥሮው ጠላት አይደለም፤ የያዘው እጅ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ፊልም፣ በሙርሲው ኦሊሳራሊ ኦሊቡይና በእንግሊዛዊው ቤን ያንግ የተሠራው፣ ለዚህ ምስክር ነው። ኦሊሳራሊ በአንድ ትከሻው ክላሽ፣ በሌላ እጁ ካሜራ ይዞ የራሱን ሕዝብ ይቀርጻል። ከጉዳዮቹ አንዱ ፓርኩ ነው። አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት የኦሞ ፓርክን አስተዳደር በሚረከብበት ሰሞን፣ የፓርኩ ወሰን ሲካለል ነዋሪዎች ያልገባቸውን ሰነድ በጣት አሻራ አጸደቁ የሚል ከባድ ወቀሳ ቀርቦ ነበር፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቷል። በፊልሙ ውስጥ ሙርሲ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ወሰኑ፣ ስለሚፈራው ነገር በሙርሲኛ ይናገራል። ሴቶቹ ለካሜራው ቅርጫት አይደፉም፤ የሚቀርጸው የሚያውቁት ሰው ነው። ከዚህ በላይ ስለ ልዩነቱ የሚያስረዳ ጥናት አላነበብኩም።

ዛሬ በኦሞ ላይ አዲስ ዓይነት መከፈት እየተካሄደ ነው፤ ጎብኚውም በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነው። በ«ገበታ ለሀገር» የቱሪዝም ፕሮጀክት ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ኮይሻ ሲሆን፣ በዳውሮ በኩል የተሠራው ሀላላ ኬላ ሪዞርት የግቤ 3 ግድብ የፈጠረውን ሐይቅ ወደሚያሳይ መልክዓ ምድር ያስገባል። ከዚያ በታች ደግሞ ሌላው ግድብ፣ ኮይሻ፣ እየተሠራ ነው። ከአዲስ አበባ የሚሄደው ወጣት በጀልባ ይንሸራሸራል፣ ኮረብታውን ያደንቃል፣ ፎቶ ያነሣል፤ ቦታው በእርግጥ ውብ ነው፣ መሠራቱም ለዳውሮ ሰው ሥራና መንገድ አምጥቷል። እዚያ የተኛው ውኃ ግን ቀድሞ በየክረምቱ ወደ ካሮና ወደ ክዌጉ ዳርቻ ይወርድ የነበረ ነው። አስጎብኚዎቹ ለእንግዳው የግድቡን ከፍታና የሜጋ ዋቱን ቁጥር ይነግሩታል። በዚያው ገለጻ ላይ ከታች ማን እንደሚኖር፣ ምን ይዘራ እንደነበርና አሁን በምን እንደሚተዳደር ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር መጨመር ውድ ነገር አይደለም። ገለጻውን የሚጽፈው የካሮ ወይም የክዌጉ ልጅ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ በጂንካና በአርባ ምንጭ ተምረው ሥራ የሚፈልጉ የአካባቢው ወጣቶች አሉና ሰው ጠፋ አይባልም።